«ከተፈጥሮ ነው» ማለት «ቆዳ አይጎዳም» ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከሦስት ሰው ተላከልኝ። ከታናሽ እህቴ፣ ከጎረቤቴና ከአንዲት የመድኃኒት ቤታችን ደንበኛ። ሦስቱም «እስኪ እዪው፣ እውነት ነው ወይ?» ብለውኛል።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። በሎሽን፣ በዲዮዶራንትና በሽቶ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ሽታ ለቆዳ መርዝ ነው። አውሮፓ ይህን አውቃ ከልክላዋለች። መፍትሔው ንጹህ የተፈጥሮ ዘይት መቀባት ነው። አንድ ቅባት ይስማማችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ታውቁታላችሁ። «ሃይፖአለርጂኒክ» (አለርጂ እምብዛም አያስነሳም እንደማለት) የሚል ከተጻፈበት ያለ ስጋት ተጠቀሙ። የተፈጥሮ ዘይት ጀምራችሁ ቢያሳክካችሁ የቆየው መርዝ እየወጣ ነውና አታቁሙ። የጠቆረውን ቦታ ደግሞ ሎሚና የተቀጠቀጠ ጤና አዳም ቀቡት።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ሆኜ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሰው የቆዳ ሐኪም ጋ ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ የሚያሳየው ለእኛ ነው። እጁን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ገልጦ «ይኼ ምንድን ነው?» ይለናል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊዋ ልክ የሆኑበትን ልናገር። ሽታ በመዋቢያ ምክንያት ለሚመጣ የቆዳ አለርጂ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። በአውሮፓ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 4 የሚሆነው ለአንድ የሽታ ንጥረ ነገር አለርጂ እንዳለበት ይገመታል። መለያው ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የምትል አንዲት ቃል ከኋላዋ በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ልትይዝ ትችላለች። ኩባንያዎች «የቅመማ ምስጢር ነው» ብለው ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አይጽፉትም። ጸሐፊዋ በዚህ መቆጣታቸው ተገቢ ነው። እኔም እቆጣለሁ። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ልጅ መጣች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ቀትር ላይ ነበር፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሷ ግን ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀችና «ዶክተር፣ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። ፋርማሲስቱን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉን። ነጠላዋን ስታነሳ ከጆሮዋ ሥር እስከ ደረቷ መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ቆዳዋ ሻክሯል። ጠቁሯል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች አሉ። ቅርጹ እጇ የዳበሰበትን ቦታ ይመስላል።

«ምን ትቀቢያለሽ የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ሽቶ ትቻለሁ። ያንን ጽሑፍ ካነበብኩ ጀምሮ ላቬንደር ዘይት ብቻ ነው የምቀባው፣ ንጹህ የተፈጥሮ።»

ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣችልኝ። ቡናማ፣ አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ናት። ግማሽ ደርሳለች። ክዳኗ በደንብ አይገጥምም። እህቷ ናት የሰጠቻት፤ ከተገዛች ዓመት አልፏታል፣ የምትቀመጠውም ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ነው። ከፈትኩና አሸተትኳት። የላቬንደር ሽታው ደክሟል፤ ከሥሩ የሰነበተ ዘይት ሽታ አለው።

እንግዲህ የጸሐፊዋ የመጀመሪያና ትልቁ ነጥብ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ነው። «ከተፈጥሮ የመጣ ቆዳ አይጎዳም» ብለዋል። የላቬንደር ሽታ ዋነኛ ክፍል ሊናሎል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በሶብላም ውስጥ አለ። ፋብሪካም ይሠራዋል። ቅንጣቱ ሁለቱም ጋ ያው ነው። ቆዳ ደግሞ ቅንጣቱን እንጂ ትውልዱን አያውቅም። ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒንም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ትኩስ እያሉ ደካማ ናቸው፣ ብዙ ሰው አይነኩም። አየር ሲያገኛቸው ግን ይለወጣሉ። ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ያ ሌላው ነገር ነው ኃይለኛ አለርጂ የሚያስነሳው። ክዳኑ የላላ፣ ዓመት ያለፈው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ለዚህ የተመቻቸ ነው። ልጅቷ ሽቶዋን ጥላ የተቀባችው ይህን ነው። ለዚያውም ሳይበረዝ።

መበረዙ ቀላል ነገር አይደለም። ጠጅ ሳር ደጃችን ያለ ነው፣ በሻይ እንጠጣዋለን፣ ማንንም አልገደለም። የጠጅ ሳር ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ክፍሉ ሲትራል ነው፣ ሲትራል ደግሞ የታወቀ የአለርጂ መንስኤ ነው። የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ዩጂኖል ነው። የቀረፋ ልጣጭ ዘይት አብዛኛው ሲናማል ነው። የቆዳ ሐኪሞች ለሽታ አለርጂ ምርመራ የሚጠቀሙበት የታወቀ ድብልቅ አለ፤ በውስጡ ካሉት 8 ነገሮች መካከል ዩጂኖልና ሲናማል ይገኛሉ። ከወጥ ቤታችን የሚወጡ ሽታዎች ናቸው! አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ በላይ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። አበባውን ማሽተትና ያንን ጠብታ ቆዳ ላይ ማሳረፍ አንድ አይደለም።

እኔ የተፈጥሮ ነገር ጠላት አይደለሁም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋ ቅቤ ጸጉሬ ላይ አድርጋ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ግን ዘይቱን «ንጹህ» ብሎ ሳይበርዙ አንገት ላይ ማፍሰስ እናቶቻችን ያወረሱን ልማድ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ አውሮፓ ነው። «አውሮፓ ሰው ሠራሽ ሽታን ከልክላለች» የሚለው እውነት አይደለም። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የጸሐፊዋን ሐሳብ ከምንም በላይ የሚያፈርሰው ይህ ነው። ኤችአይሲሲ የሚባል፣ በንግድ ስሙ ሊራል የሚታወቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ ሽታ ነበር። ብዙ ሰው ስላሳመመ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከለከለው። ከነሐሴ 2021 በኋላ በአውሮፓ ገበያ ላይ መሸጥ አይችልም። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊዋ ወገን ነው። ነገር ግን በዚያው ደንብ፣ በዚያው ቀን፣ ከእሱ ጋር ሁለት ሌሎች ነገሮች ተከልክለዋል፦ አትራኖልና ክሎሮአትራኖል። እነዚህ ከየት ይመጣሉ? የኦክ ዛፍ ግንድ ላይ ከሚበቅል የዛፍ ሽበት (ላይክን)። ሽቶ ቀማሚዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት፣ ፍጹም የተፈጥሮ ነገር ነው። ሕግ አውጪዎቹ ያዩት ሰው ማሳመሙን ነው፤ የተፈጥሮ መሆኑ አላስማረውም።

ጸሐፊዋ ሊሊያል የሚባለውን ሽታም ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓ መዋቢያ ውስጥ የለም። ግን የታገደው የመራባት አቅምን ይጎዳል ተብሎ ነው፤ የቆዳ አለርጂ አልነበረም ምክንያቱ። ሆኖም መለያው ላይ «ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» የሚል ካያችሁ ዕቃው የቆየ ወይም ለሌላ ገበያ የተሠራ ነው። እኔ ብሆን አልገዛውም።

አውሮፓ በእርግጥ ያደረገችው መለያው ላይ እንዲጻፍ ማስገደድ ነው። ዱሮ 26 የሽታ አለርጂ መንስኤዎች ስማቸው እንዲጻፍ ታዘዘ። ቆዳ ላይ ለሚቆይ ዕቃ መጠኑ ከ100,000 አንድ እጅ ካለፈ፣ ለሚታጠብ ደግሞ ከ10,000 አንድ እጅ ካለፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዝርዝሩ ከ80 በላይ ሆነ። አዲስ ምርት ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ ይህን ማሟላት አለበት። ታዲያ ከተጨመሩት ውስጥ ምን ምን አለ? የላቬንደር ዘይት። የጠጅ ሳር ዘይት። የባሕር ዛፍ ዘይት። የጽጌረዳ፣ የጃስሚን፣ የብርቱካን። ጸሐፊዋ «ወደ እነዚህ ተመለሱ» ያሏቸው ዘይቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ችግር አለ። መለያው ቢጻፍ እንኳ የምናነብበት ዕድል ትንሽ ነው። ትናንት አንድ ሎሽን ይዤ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ላነብ ሞከርኩ። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። ግማሹ ላይ የአስመጪው ስቲከር ተለጥፎበታል፣ ልክ «ፓርፉም» ከሚለው ቀጥሎ። ስቲከሩን በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ሥር ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ሲትራል፣ ጄራኒዮል የሚል ተደርድሯል። ከትልቅ ጠርሙስ እየተቀነሰ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ሽቶ ደግሞ ጭራሽ የሚነበብ ነገር የለውም። ጸሐፊዋ ቁጣቸውን እዚህ ላይ ቢያሳርፉት አብሬያቸው እጮህ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ «በመጀመሪያው ቀን ታውቁታላችሁ» የሚለው ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ስሕተት ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የሽታ ቅንጣቶች በጣም ትንንሽ ናቸው። ቆዳን ሰርስረው ይገባሉ። ውስጥ ከገዛ ፕሮቲናችን ጋር ይጣበቃሉ። የቆዳ ጠባቂ ሴሎች ይህን እንግዳ ነገር ይዘው ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ፣ እዚያ የሚያስታውሱት ሌሎች ሴሎች ይዘጋጃሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አይሰማንም። አያሳክክም፣ አያቃጥልም። ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተዘጋጁ ግን ያ ንጥረ ነገር ቆዳ በነካ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ቆዳው ይነሳል። ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

እኔን ያሳመመኝ 6 ዓመት የተጠቀምኩበት ዲዮዶራንት ነው። ብብቴ ማሳከክ ሲጀምር ሳሙና ቀየርኩ። የልብስ ሳሙና ቀየርኩ። የሹራቤን ክር ጠረጠርኩ። ዲዮዶራንቱን ግን አልጠረጠርኩትም፣ «ይኼማ የኔው ነው» ብዬ። ከተላጨሁ በኋላ መቀባቴ ደግሞ አባብሶታል፤ የተላጨ ቆዳ በሩ ክፍት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ክንዴን ከጎኔ አርቄ ነው የተኛሁት። ሙያዬ ይህ ሆኖ ሳለ እኔ ከተሳሳትኩ፣ በመጀመሪያው ቀን ፈትኖ «ተስማማኝ» ያለ ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ወዲያው የሚያቃጥልና ሲታጠቡት የሚተው ነገር ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን ቆዳው ተቆጥቶ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። የተቆጣ ቆዳ ሲያርፍ ይድናል፣ ነገሩም በትንሹ ላይነካው ይችላል። አለርጂ ግን ለጠብታም ይነሳል።

ሐኪሞች የሚያደርጉት ፓች ቴስት የሚባል ምርመራ አለ። የተጠረጠሩት ነገሮች በትንንሹ ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ከ2 ቀን በኋላ ይነሳሉ፣ በ4ኛው ቀን ገደማ ደግሞ እንደገና ይታያሉ። ሐኪም እንኳ በመጀመሪያው ቀን አይፈርድም። ቤታችሁ ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ አዲሱን ሎሽን ከክርናችሁ እጥፋት ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት ቀቡ። ሁለት ሳምንት ቢሆን ይሻላል። ያ ቦታ ብቻ ካሳከከ ፊታችሁ ተረፈ። ይህ ቆዳ ላይ ለሚቆይ ነገር ብቻ ነው፤ ሻምፖና ሳሙና እንዲህ አይሞከርም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፣ ጸሐፊዋም ስላልነኩት። መጻሕፍቱ «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። የኛ ቆዳ ሁልጊዜ አይቀላም። ይሻክራል፣ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ማሳከኩ ቆሞ እንኳ ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል። ሴቶቻችን ያንን መስታወት ውስጥ ሲያዩት «ማድያት ወጣብኝ» ይላሉ። የማድያት ነው ተብሎ የሚሸጥ ቅባት ይገዛሉ። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ውስጥ እንደ ክሎቤታዞል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን ለጊዜው ጸጥ ያደርገዋል፣ ቆዳውንም ያነጣዋል፣ ስለዚህ «ሠራልኝ» ይላሉ። ሲያቆሙት ቆዳው ሳስቶ፣ ብሶበት ይነሳል። ሽቶው ግን አሁንም በየጠዋቱ ይረጫል። ይህን ዙር እኔ በዓይኔ የማየው ነው፣ በየሳምንቱ።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እዚያ ብዙ ሴቶች ፊታቸው ጠቆረ። ሐኪሞቻቸው ሲመረምሩ መዋቢያው ውስጥ ያሉ ነገሮች ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ያላንግ ያላንግና ጃስሚን ያሉ የአበባ ዘይቶች። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እነዚህን ከምርታቸው ሲያወጡ አዲስ ሕመምተኛ እየቀነሰ ሄደ። የሴቶቹ ፊት የጠራው መንስኤው ተለይቶ ሲወጣ ነው።

አራተኛው «ሃይፖአለርጂኒክ» የሚለው ቃል ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1975 ለዚህ ቃል መመዘኛ ሊያወጣ ሞከረ። ኩባንያዎች ከሰሱት። በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መመዘኛውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ እዚያ ሕጋዊ ትርጉም የለውም፣ ኩባንያው የፈለገውን ያህል ማለት ይችላል። «አንሴንትድ» (ሽታ የሌለው) የሚለውም ያሳስታል፤ መጥፎ ጠረን የሚሸፍን ሽታ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የምትፈልጉት «ፍራግራንስ ፍሪ» (ሽታ ያልተጨመረበት) የሚለውን ነው፣ ያም ሆኖ ጀርባውን አንብቡ። ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን አለ። ርካሽ ነው፣ ደረቅ ቆዳን ይይዛል፣ ሽታ አለርጂ ያለበትን ሰው እምብዛም አይጎዳም።

«መርዙ እየወጣ ነው፣ አታቁሙ» ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም። በቆዳ በኩል በማሳከክ የሚወጣ መርዝ የለም። ቢያሳክካችሁ አቁሙ። በውኃ አጥቡት። ውኃ ከቋጠረ፣ ዓይናችሁ ካበጠ ወይም በጥቂት ቀን ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለሎሚውና ለጤና አዳሙ ግን መልስ አለኝ፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ሎሚ ልጣጭና ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ጥላ ውስጥ ምንም አያደርጉም። ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ቆዳን ያቃጥላሉ። አለርጂ አያስፈልግም፣ ማንንም ያቃጥላሉ። በነጋታው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጥቁረት ለማስለቀቅ የተቀባ ነገር ጥቁረት ያመጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ፀሐይዋ ከምናስበው በላይ ትበረታለች። ጠዋት ጤና አዳም ፊቷን ቀብታ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሯ የምትወጣ ተማሪ አስቡ። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ ይለኛል። ፊት ላይ ግን አይሁን።

ልጅቷን ዘይቱን እንድትተው፣ አንገቷን ለብ ባለ ውኃ ብቻ እንድትታጠብ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን እንድትቀባ ነገርኳት። ሐኪም ጋም ላክኳት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና «ዶክተር፣ ሎሚውንም ከትናንት ወዲያ ጀምሬዋለሁ» አለችኝ። ነጠላዋን መልሳ እንድትሸፋፈን ያደረግኳት ያኔ ነው።

የጽሑፉ ባለቤት፣ ይህን የሚያነቡት ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ስለ አውሮፓ የጻፉትን ቆይተው ቢያርሙት ግድ የለም። የሎሚውንና የጤና አዳሙን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱልን። እህቴ ለሃያ ሰው ልካዋለች።